የራን ድርሻ

«አልደፋም አልኩ፣ አልደፋም!»

«አንድ ኩባያ ቡና እኮ ነው ኬቲል! እጅህ አይቆረጥም።»

«ለሷ ከምሰጥ ሽንት ቤት ብደፋው ይሻለኛል። ሽንት ቤቱ ቢያንስ ወንድሜን አልበላም።»

አክስቱ ሃልጌርዱር ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው። ሊያጽናኑ የመጡት ሁለት ጎረቤቶች ፓንኬክ እንደጎረሱ ማኘክ አቆሙ። የኬቲል አባት ስታይኖልቩር ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ቤቱ ግን አሁንም እሱን እሱን ይሸታል፣ ዓሣና ትምባሆ።

«አርባ ዓመት አንድ ቀን ሳያጓድል የደፋውን፣ ገና አፈር ሳይቀምስ ታቋርጥበታለህ? ልጁ አይደለህም እንዴ?»

«እሱን ጠይቂው። እኔ እንጃ።»

አንደኛዋ ጎረቤት ሳቋን ፓንኬኳ ውስጥ ቀበረችው።

ስታይኖልቩር መንደርተኛው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሱ የድሮዎቹን አማልክት ይዞ የቀረ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከመስኮቱ በላይ፣ የባሕሩ መሙያና መጉደያ ሰዓት ከተለጠፈበት አጠገብ፣ ራሱ የጠረባት የነጎድጓዱ አምላክ የቶር መዶሻ ተሰቅላለች። ለቶር ሐሙስ ሐሙስ ቢራ ይበቃዋል። ራን ግን የሰመጠውን ሁሉ በመረቧ የምትለቅመው የባሕሯ እመቤት ናት፤ እሷ በየቀኑ ነው የምትፈልገው። ምን እንደምትወድ ማንም አልነገረውም። ትምባሆ ሰጣት፣ ማዕበል መጣ። ቢራ ሰጣት፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቡና ሲሰጣት መረቡ ሞላ። «በቃ፣ ሴትዮዋ ቡና ጠጪ ናት» አለና የማለዳዋን የመጀመሪያ ኩባያ ዳርቻው ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ይደፋላት ጀመር።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ጋ የምትሰጠውን ነገር ስም ትጠራለህ። «ቡና» ትላለህ፣ ትደፋለህ፣ ዞር ትላለህ። «ሌላ ነገር እንዳታነሱ» ይላቸው ነበር ልጆቹን፣ «ስሙን የሰማችውን ሁሉ የሰጧት ነው የሚመስላት።»

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ትልቁ ልጁ ባርዱር በገዛ ጀልባው መጀመሪያ በወጣበት ማለዳ፣ ስታይኖልቩር ደስታው አፉን አላቀቀው። «ቡና» አለና ደፋ። ከዚያ ሳቅ እያለ፣ «ባርዱርንም አደራ፣ ጠብቂልኝ» ጨመረበት። ኬቲል እጁን ኪሱ ከቶ አጠገቡ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። ባርዱር አልተገኘም።

ኬቲልን ያቃጠለው በማግስቱም አባቱ ቡናውን መድፋቱ ነው። ይባስ ብሎ ከዚያ ቀን ወዲህ «ኬቲል» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ስማ»፣ «አንተ»፣ «ያ ልጅ»። ስልክ ሲደውልም «አለህ?» ብቻ ነው። ኬቲል ነገሩ ገባኝ አለ፦ የሚፈለገው ልጅ ሰመጠ፣ የማይፈለገው ተረፈ። ልብሱን ጠቅልሎ ከተማ ገባ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ስድስት ዓመት ሞላው።

በአራተኛው ቀን የአባቱ የጀልባ ጓደኛ ኦርሙር ደረቅ ዓሣ ተሸክሞ መጣ። ኬቲል ቀና ብሎም አላየውም፤ አክስቱን ነበር የሚያፋጥጣት።

«ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ አይደል? ስሜን ጠራ?»

ሃልጌርዱር ፎጣውን አጣጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። «‹ያ ልጅ ይመጣል?› አለኝ።»

«ያ ልጅ!» ኬቲል ሳቀ። «አየሽ? እየሞተም እንኳ!»

ኦርሙር ዓሣውን በጡጫው እየደቆሰ አንገቱን ደፋ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ለቀብር ሳይለብሱ፣ ኬቲል ማንም ሳይለምነው ኩባያውን ሞልቶ ወጣ። ኦርሙር ከኋላው ዘጭ ዘጭ እያለ ተከተለው። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ድንጋዩ በቡና ብዛት አናቱ ቡናማ ሆኗል።

«ቡና» አለ ኬቲል። ደፋው። የመጨረሻዋን ጠብታ በጣቱ ጠርጎ አራገፈ። አባቱም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ እጁ ሳያስበው ነው ያደረገው። ዞር ማለት ነበረበት። ደሙ ግን ፈላ።

«ስሚ አንቺ ሌባ! ስታይኖልቩር ሁለት ልጅ ነበረው! ሁለተኛውን እሱ መጥራት ከቀፈፈው እኔ ልንገርሽ! እኔ ኬ—»

ዓሣ ዓሣ የሚሸት ጓንት አፉን ግጥም አደረገው።

«ዝጋ፣ ደደብ!» አለ ኦርሙር። «ሰውየው እሷ እንዳትሰማ ብሎ ስድስት ዓመት ቤት ውስጥ እንኳ ስምህን የዋጠው ጠልቶህ መሰለህ?»