የዱሬቲ ካሴት

ተሻለች የመቱ ኪነት ቡድን ዋና ድምፃዊት ነበረች። የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር ካኪዋን ለብሳ፣ መድረኩ እስኪንቀጠቀጥ መፈክሩን በዜማ ስታቀልጠው አገር ያውቃታል። ታዲያ ይህን ሁሉ ስም አንዲት የትናንት ልጅ፣ ያውም የግቢዋ ተከራይ፣ ልትነጥቃት ተነሳች።

ዱሬቲ ከኖፓ የመጣች ልጅ ናት። ኪነቱን ተቀላቀዪ ሲሏት እምቢ ብላ፣ ወንድሟ ከአሰብ በላከላት ትንሽ ካሲዮ ኦርጋን ግጥሙን ራሷ ገጥማ ራሷ ታዜማለች። ካሲዮው ቲክ ቲክ እያለ ምቱን ሲይዝላት፣ እሷ በላዩ ላይ ከሆዷ የሚወጣ ቀስ ያለ እንጉርጉሮ ታፈስስበታለች። መቱ እንዲህ ያለ ዘፈን ሰምታ አታውቅም። የቡድኑ አለቃ ኩመራ እንኳ አጥሩ ስር ቆሞ ሲሰማ ተሻለች በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። "አንጀት ይበላል" ነው ያለው! ለእሷ አንድ ቀን ያላለውን።

"የሰው ወርቅ አያደምቅ" ትል ነበር፣ ለሰማትም ላልሰማትም። "የፈረንጅ ሳጥን ዘፋኝ አያደርግም።" ውስጧ ግን በቅናት ይንገበገብ ነበር።

ይባስ ብሎ ልጅቷ ዘፈኗን የቀዳችው በተሻለች ቴፕ ነው። "እትዬ፣ ቴፕዎን ያውሱኝ" ስትላት (እትዬ! በስንት ዓመት ብትበልጣት ነው?) እምቢ ማለቱ ነውር ሆኖባት አዋሰቻት። ዱሬቲም ቀድታ ስትጨርስ፣ ካሴቱን ውስጡ ረስታ ቴፑን መለሰች። ሌላ ቅጂ የለውም። በማግስቱ የሙዚቃ ቤቱ ጋሽ ታጁዲን አባዝቶ ለጎሬና ለበደሌ ሊበትነው ነው።

ተሻለች በሯን ዘጋች። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠንጥና ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነች። ዝም ብሎ ከዞረ ይጠፋል፤ ተበላሽቶ ነው ይባላል፣ አለቀ። አጠገቡ ቁጭ ብላም የተቀደደ የካኪ እጅጌዋን ስትሰፋ ቆየች።

በማግስቱ "ረስተሽው ነበር" ብላ መለሰችላት፤ ጉዷንም ለማየት እስከ ሙዚቃ ቤቱ ተከተለቻት።

ታጁዲን ካሴቱን ከፈተ። ጸጥ አለ። ተሻለች በልቧ ሳቀች። ወዲያው ግን የሴት ድምፅ መጣ፤ ካሲዮ የለው፣ ምን የለው። የዱሬቲን ዘፈን አንድ ቃል ሳታጎድል ለራሷ የምታንጎራጉር ሴት ናት።

የተሻለች ፊት አመድ መሰለ። ድምፁ የራሷ ነው። ቴፑ ማይክ በሆዱ እንዳለው ረስታ፣ በግድግዳ እየሰማች ሳታውቀው በቃሏ የያዘችውን ሁሉ እየሰፋች ስታንጎራጉር ኖራለች።

"ወላሂ ዱሬቲ!" አለ ታጁዲን። "ካሲዮውን መተውሽ ደግ አደረግሽ። ይሄን ድምፅ የት ደብቀሽው ነበር?"

ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ። ተሻለችን ግን ማንም በድምፅዋ አልለያትም፤ ስትጮህ እንጂ ስታንጎራጉር መች ሰምተዋት ያውቃሉ?

"የኔ ነው!" ልትል አፏን ከፈተች። የዱሬቲን ዘፈን ታዲያ ማን አጠፋው ቢሏትስ? አፏን መልሳ ገጠመች።

ዱሬቲ ዞር ብላ አየቻት። ማን እንዳጠፋውም፣ የማን ድምፅ እንደሆነም ገብቷታል። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ወደ ታጁዲን ዞረች።

"ያባዙት ጋሽ ታጁዲን" አለች። "ስሜን በትልቁ ይጻፉበት።"

በዚያው ክረምት ተሻለች ወደ ጎሬ ስትሄድ የአውቶቡሱ ሾፌር ያንኑ ካሴት ከፈተ። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ትኩር ብለው አዩዋት።

"የኪነቷ ልጅ አይደለሽም? ይቺን ዱሬቲ ስሚያትማ። እንዲህ ነው እንጂ መዝፈን! ከሷ ብትማሪ ምን አለበት?"

ተሻለች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከዚያ ድረስ በሰው ድምፅ ስትቀና ኖራ፣ ያን ቀን በገዛ ድምፅዋ ቀናች።