አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል

«ተው! ደረትህን አትምታ ብያለሁ!»

እትዬ ወለተ ማርያም ከፍራሹ ላይ እንዴት እንደተነሡ ራሳቸውም አያውቁትም። ከደብረ ማርቆስ የመጡት ዘመዶች እያለቀሱ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ፣ ልጃቸው አስናቀው «ወይኔ አባቴ!» ብሎ ደረቱን መድቃት ጀምሮ ነበር፤ ክንዱን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት። ለቅሶው ቀጥ አለ። ለአባቱ ደረቱን ሲመታ ልጇን የምትከለክል እናት ማን አይቶ ያውቃል?

«ኀዘኑ አናታቸው ላይ ወጥቷል» አለች ጎረቤታቸው ቦሰና፣ አጠገቧ ላለችው ሴት። ሹክሹክታ መሆኑ ነው፤ የቦሰና ሹክሹክታ ግን በርበሬ በረንዳ ድረስ ይሰማል።

ኀዘኑስ አለ፤ እንዴት አይኖር! ግን እትዬ ወለተ ማርያም ያዩት ሌላ ነው። አስናቀው ከመቀመጫው ሲነሣ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይሰማል። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገመድ የታሰረበት ይመስል ምልክት ትቷል። ትናንት ጋደም ሲል ትራስ ላይ ትራስ ደርቦ ነበር። ሲጋራውን ደግሞ፣ ያ ሁሉ ጎልማሳ፣ አባቱ እንዳያዩት የሚፈራ ይመስል ከድንኳኑ ጀርባ እየተደበቀ ያጨሳል። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አይተውታል። በባላቸው ላይ።

ጋሼ ጓንጉል የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይሸጣሉ፤ ቡናቸው በጨው፣ ወጣቸው በቅቤ ላይ ቅቤ ነው። ያን ጊዜ በመርካቶ ውፍረት የጌትነት ምልክት ነው፤ ሚስትም ሙያዋ የሚታወቀው በባሏ ሆድ ነው። እትዬ ወለተ ማርያምም ብዙ ተመስግነውበታል። አንድ ክረምት ግን ጋሼ መተኛት አቃታቸው። ሲጋደሙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ተቀምጠው ያነጋሉ። እግራቸው አበጠ፤ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ሳይሞላ ይቆያል። የአስናቀው ልጅ ሙሉዬ፣ ያኔ ነርስነት ትማር የነበረችው፣ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣችና ክንዳቸውን ጠቅልላ ስትነፋ፣ ሴት አያቷ የሚያዩት የሜርኩሪውን አወጣጥ ሳይሆን የልጅቱን ፊት ነበር።

«አባባ፣ ደም ብዛት ነው። ልብዎም ሳይደክም አልቀረም። ነገውኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላቸው። ጨው ከለከላቸው፣ ቅቤ ቀነሰባቸው፣ ሲጋራውን እርም አስባላቸው፣ በእግርዎ ይሂዱ አላቸው። «ታዲያ ምን ቀረኝ?» ቢሉት፣ «ሚስትዎ» አላቸው። ይህቺን ጋሼ ለመርካቶ ሰው ሁሉ አውርተዋታል።

ከዚያ ወዲያ ጎናቸው የሚነግደው ቅመም ሻጩ ጁነዲን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆማል። «ጓንጉል! ልብህ ተነሥታለች ወይስ ልጠብቃት?» ይላል። ስለ ኮረሪማ ዋጋ እየተጨቃጨቁ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርደው፣ ዳገቱን ቀስ ብለው ይመለሳሉ። ትራሶቹ አንድ በአንድ ወደ ሣጥን ተመለሱ።

ሙሉዬ ደግሞ ሴት አያቷን የእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር መዳሰስ አስተማረቻቸው። «እንግዲህ በሰዓት ነበር የሚቆጠረው፣ እማማ» ብትላቸው፣ «እኔ አቡነ ዘበሰማያት አለኝ» አሉ። ማታ ማታ ጣታቸውን ከባላቸው አንጓ ላይ አሳርፈው ጸሎቱን ይደግማሉ። ትርታው እስከ «አሜን» ካልፈጠነ፣ ካላነከሰ፣ «ተመስገን፣ ይተኙ» ይላሉ። ጋሼም «ቄሱ ፈቀዱልኝ» ብለው ይስቃሉ። ስንት ዓመት ኖሩ እንዲህ! ሙሉዬን በነርስ ነጭ ልብስ አዩ፣ የልጅ ልጅ ዳሩ፣ ከጁነዲን ጋር ሺህ ጊዜ ተጣልተው ሺህ ጊዜ ታረቁ።

ባረፉበት ዕለት ጠዋት በአንድ ትራስ ላይ፣ ተዘርግተው፣ ፊታቸው ሳይጨማደድ አገኟቸው። እትዬ ወለተ ማርያም አንጓቸውን ይዘው ጸሎቱን እስከ መጨረሻው ደገሙት። ምንም የለም። እንደገና ጀመሩ። ውጭ ጁነዲን መጣራት ጀምሮ ነበር።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ እዝን ቀርቧል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ጎረቤት ሁሉ ዶሮውን በቅቤ አስክሮ አምጥቷል። እትዬ ወለተ ማርያም ግን እህል በአፋቸው አልዞረም።

«አንድ ጉርሻ፣ እትዬ፣ በጋሼ ነፍስ!» ቦሰና ተንበርክካለች። በተንበረከከችበት ዞር ብላ ደግሞ ለዚያችው ሴት፣ «ሰውዬውን እኮ በአልጫ ነው የጨረሷቸው፤ አሁን ራሳቸውን ሊጨርሱ ነው» አለች።

እትዬ ወለተ ማርያም ሰሟት። አልተቀየሟትም። ሰፌዱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«እበላለሁ» አሉ። «አስናቀው ክንዱን ለሙሉዬ ይስጥና እበላለሁ።»

«እማዬ!» አስናቀው ደነገጠ። «አባቴ ሞቶ እኔ ስለራሴ ነፍስ ልለካ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ተርቧል» አለ ከጥግ ጁነዲን። እሱ ከዶሮው እንደማይቀምስ ሁሉም ያውቃል፤ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። «እሳቸው ሳይቀምሱ የሚቀምስ እንግዳ አለ? እኔ እንጃላችሁ።»

የሟች ታላቅ ወንድም አባ ጣሰው በከዘራቸው መሬቱን ጠቆም አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ከሌሊት ጀምሮ አውቶቡስ ላይ ነን። ክንድህን ስጥና እንብላበት!»

የሳቀ አለ፤ በለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው፣ በነጠላ ጫፍ ታፍኖ። አስናቀው ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥቶ ይወጣ ነበር። እናቱ ፍራሹ ላይ ሆነው ሲያዩት ግን እጅጌውን ሰበሰበ።

ሙሉዬ ጠቀለለች፣ ነፋች፣ ማዳመጫዋን አስጠግታ ቀስ ብላ አስተነፈሰች። እትዬ ወለተ ማርያም እንደዚያን ጊዜው የልጅቱን ፊት ያነባሉ። ልጅቱ አንድ ጊዜ በቂ አይደለም ብላ ደገመችው።

«ለእማዬ ንገሪያት» አለ አስናቀው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ከፍ ብሏል፣ አባዬ። አባባ ያኔ የነበሩበት ላይ ግን አልደረስክም፤ ገና መንገድ ላይ ነህ። ሰልስቱ ይውጣና ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። ሲጋራውን ግን ከዛሬ ጀምሮ።»

አስናቀው ከኪሱ ፓኮውን አወጣና፣ ወዴት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት፣ ለእናቱ ሰጣቸው። እሳቸውም ፍራሹ ስር ወሸቁት። ከዚያም አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸው አጎረሳቸው።

«ጨው በዛበት» አሉ እየዋጡ። ድንኳኑ ሁሉ እጁን ታጠበ።

ከምሳ በኋላ ሙሉዬ መለኪያዋን ልታስቀምጥ ስትል አባ ጣሰው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ «ይህንንም ሽማግሌ እዪልኝ»። ከሳቸው ቀጥሎ ቦሰና ነበረች። ሙሉዬ ለክታት እንደገና መልሳ ስትነፋ፣ ቦሰና ድምጿን አጠፋች፤ አሁን እውነተኛ ሹክሹክታ ሆነ። «እኔንም አልጫ ልትሉኝ ነው?»

«አሠራሩን አሳይሻለሁ» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም። «ነጭ ሽንኩርት ሲበዛበት ይበላል።»

በሰልስቱ ማግስት ጠዋት ጁነዲን በር ላይ መጣ። እግሩ ለምዶ ነው። «ጓ…» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። አስናቀው የአባቱን ጋቢ ደርቦ ወጣ። ሁለቱም ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሄዱ።

እትዬ ወለተ ማርያም እስኪመለሱ ድረስ አንዴ ይቆማሉ፣ አንዴ ይቀመጣሉ። መኪና ቢገጨውስ? ዳገቱ ቢከብደውስ? ቀስ በል ሳልለው! ኋላ ግን ከበሩ ውጭ ስለ ኮረሪማ ዋጋ የሚጨቃጨቅ ድምፅ ሰሙና ልባቸው መለስ አለ።

አስናቀው ላብ በላብ ሆኖ ገባና ፍራሹ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠ። እትዬ ወለተ ማርያም ሳይጠይቁት እጁን ወደ ጭናቸው ሳቡ፤ ጣታቸውን አንጓው ላይ አሳርፈው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ትርታው ጣታቸውን ከሥር መታው፤ ፈጠን አለ፣ ቆይቶ ረገበ።

«አሜን» አሉ።

«ጨረስሽ፣ እማዬ?»

«ቆይ» አሉት፤ እጁን ሳይለቁ ከመጀመሪያው ጀመሩ።