ወለላን ማን ይጫወታት?

ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከመጋረጃ መሸጫዎቹ ጀርባ፣ የኑረዲን ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚቆመው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን አራት ሰው ገብቶባት ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ላይ ይጮሃሉ። መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ አንድ ሰውዬ መርዶ የተረዱ መስሎት ከበሩ ላይ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

የሞተ ሰው አልነበረም። «የጉም በር» የተባለው ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ድራማ ሊሆን ነው ተብሎ፣ ጠቡ ሁሉ ወለላን ማን ይጫወታት በሚለው ላይ ነው።

ወለላ የአምባ ጉም በር ጠባቂ ናት። አምባ ጉም ዙሪያዋን ጉም የማይለያት ከተማ ስትሆን፣ በጉሙ ውስጥ ያለፈ ሰው ስሙን ይረሳል። ስሙን የረሳ ደግሞ ቤቱንም፣ ልጆቹንም፣ የሚወደውንም ሁሉ ይረሳል። ወለላ በሩ ላይ ቆማ ከጉሙ የወጣውን ሁሉ በስሙ ትጠራዋለች፤ ያኔ ሰውየው ራሱን ያገኛል። ይህን አንብቦ ልቡ ያልተነካ ሰው ካለ፣ እነዚህ ጓደኛሞች ከዚያ ሰው ጋር ሻይ አይጠጡም።

«ልጅ እግር መሆን አለባት» አለች ዝማሬ። ዝማሬ በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ትዘምራለች፤ የምትከራከረውም ማይክ እንደያዘ ሰው ነው። «ያቺ የሳሙና ማስታወቂያ የምትሠራዋ! ዓይኗን አላያችሁትም? በጌታ፣ እሷ ቁርጥ ወለላ ናት!»

«የሳሙናዋ?» ኑረዲን በያዘው ሻይ ሊታነቅ ምንም አልቀረው። «ወለላ እኮ ግንባሯ የተሸበሸበ፣ ንጉሡ ራሱ ቀና ብሎ የማያያት ሴትዮ ናት። የሳሙናዋን ልጅ ጉሙ አረፋ መስላው ይውጣታል።»

«ንጉሥ ጉርሙንስ ማን ይሁን?» አለ ሳዳም፣ ነገር ለማብረድ።

«ለእሱ ጢም ይፈለግለት። ጢሙ ከተገኘ ሰውየው አያሳስብም» አለ ኑረዲን።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከሜዳ የመጣ አይደለም። መጽሐፉ መጀመሪያ ሲታተም ወዲያው ከገበያ ጠፋ፤ እነሱ እጅ የገባው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። አራት ሰው ለአንድ መጽሐፍ ወረፋ ይጠብቅ ማለት ደግሞ ለመላእክት ካልሆነ በቀር አይሞከርም። ስለዚህ ኑረዲን ጥራዙን በምላጭ ፈታው፣ አራት ቦታ ከፈለው፣ እያንዳንዱን ክፍል በስፓይራል ጠርዞ አደላቸውና ሁሉም የደረሰውን አንብቦ እንዲለዋወጥ ተስማሙ። ዝማሬ ከአንደኛው ክፍል ጀመረች፤ ወለላ ለእሷ እስከ ዛሬ ልጅ ናት። ኑረዲን የጀመረው ከአራተኛው ነው፤ ለእሱ ከአሮጊትነት ወርዳ አታውቅም። ዙሌካ ሁለተኛው ደረሳት። የእሷ ወለላ ሃያ ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስትጠራ ውላ የራሷን ስም የሚጠራላት የሌላት ሴት ናት። ዙሌካም ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መገጣጠም ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም ብላ ትምላለች፤ ማንም ግን አያምናትም።

ሦስተኛው ክፍል የደረሰው ለሳዳም ነው። ሳዳም ለቡ በሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ጂፕሰም ይለጥፋል። ክፍሉን ለሌሎቹ ሳያስተላልፍ አንድ ባልዲ ጂፕሰም ተደፋበትና ወረቀቱ በአንድ ሌሊት ድንጋይ ሆነ። ሳዳም በካሳ መልክ ታሪኩን በቃሉ ሊተርክላቸው ቃል ገባ፤ እዚያችው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ከሥራ መልስ፣ ቀስ እያለ ተረከላቸው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዝማሬ አለቀሰች። ኑረዲን ማሽኑን የሚጠግን መስሎ ፊቱን አዞረ።

የክፍሉ መጨረሻ እንዲህ ነው። ወለላ ወንድሟን ፍለጋ ጉሙ ውስጥ ትገባለች። ወንድሟን ታወጣዋለች፣ እሷ ግን ስትወጣ ስሟ ጠፍቷታል። ማን ይጥራላት? ጠሪዋ እሷው ናት። ሕዝቡም «በር ጠባቂ» ከማለት በቀር ስሟን ይዞት አያውቅም። እሷ ግን ከበሩ አትሄድም። እጇ ለምዶባት ውጭ እንደቆመች ከጉሙ የሚመጣውን ሁሉ እየጠራች ታስገባለች፤ አንተ እገሌ ግባ፣ አንቺ እገሊት ግቢ። ሲመሽ ዙሪያዋን ታያለች፤ ማንም የለም። «ሁሉም ገብቷል» ትላለች። «እንግዲያው የቀረሁት እኔ ነኝ።» ብላም በገዛ እግሯ ትገባለች።

ይህን ታሪክ ዙሌካ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። እናቷ ካረፉ ወዲህ ሦስት ታናናሾቿን ያሳደገችው እሷ ናት፤ በአጎቷ ሱቅ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ የሚጠራት «የመጋረጃዋ ልጅ» እያለ ነው። አንድ ሰው መጽሐፍ ጽፎ፣ ሳያውቃት፣ ስለ እሷ እንዲህ ማሰቡ ገርሟት ከረመች። ደራሲዋን ትሩፋትን የምታከብራቸው በዚህ በአንድ ትዕይንት የተነሳ ነው።

ያን ቅዳሜ ሦስቱ ሲጯጯሁ ቆዩና፣ ኑረዲን ትንፋሽ ሊወስድ ባቆመበት ቅጽበት ዙሌካ ተናገረች።

«እኔ ተመዝግቤያለሁ።»

«ለምኑ?»

«ለወለላ። ድራማውን የሚሠሩት የታወቀ ፊት አንፈልግም ብለው የለ? ሰኞ ለቡ አዳራሽ ተከራይተው ተዋናይ ያያሉ። ከመጽሐፉ የምትወጂውን ትዕይንት መርጠሽ ነይ ነው የሚሉት። የኔ ደግሞ የታወቀ ነው። የሦስተኛው ክፍል መጨረሻ።»

ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ዝማሬ «እልልል!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ የሳሙናዋን ልጅ እዚያው ረሳቻት። ኑረዲን ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አንድ አዲስ መጽሐፍ አወጣ። ድራማው ከተነገረ በኋላ ዳግም ታትሞ መውጣቱ ነበር፤ ሽፋኑ ገና ይሸታል።

«ላስገርማችሁ ብዬ ነበር» አለ። «በይ ውሰጂው። ቃሉን አንድ በአንድ አጥኚው።»

«ምን ያደርግላታል?» አለ ሳዳም በችኮላ። ፊቱ ከሚለጥፈው ጂፕሰም ይበልጥ ነጥቶ ነበር። «በቃሏ ታውቀው የለ እንዴ! ቢምታታባትስ?»

ዙሌካ ግን መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ፉሪ ወዳለው ቤቷ ሄዳ ነበር።

እራት ሳይቀርብ ገለጠችው። ወለላ ወደ ጉሙ ስትገባ አገኘች። ወንድሟን ስታወጣ አገኘች። ቀጥሎ ያለው ግማሽ ገጽ ነው። ንጉሥ ጉርሙ ከግንቡ ላይ የወርቅ መለከቱን ያስነፋል፣ ስሟንም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ወለላም ሰምታ ትገባለች። በቃ። ዙሌካ ገጽ የተዘለለ መስሏት ቁጥሩን አየች፤ አልተዘለለም። ወደ ፊት ገለጠች፣ ወደ ኋላ ገለጠች፤ ያ ምሽት፣ ያ ጥሪ፣ ያ «የቀረሁት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል የትም የለም። ክው አለች። ታናሽ እህቷ «ምን ሆንሽ?» ስትላት መጽሐፉን ዘግታ እራቱን ልታቀርብ ተነሳች።

እሑድ ጠዋት ለቡ ስትደርስ ሳዳም መሰላል ላይ ቆሞ ጣሪያ ያለሰልሳል።

«ውረድ» አለችው።

ወረደ። መጽሐፉን እጇ ላይ ሲያይ ነገሩ ገብቶታል።

«ገጹን አሳየኝ።»

«ዙሌ፣ ወላሂ…»

«ገጹን!»

«ገጽ የለውም» አለ ሳዳም፣ እጁ ላይ የደረቀውን ጂፕሰም እየፈቀፈቀ። «ባልዲው የተደፋው እኔም ሳልጨርሰው ነው። እናንተ ደግሞ ከበባችሁኝ ዓይን ዓይኔን ታዩኛላችሁ። ምን ላድርግ? ልጅቷን ጉም ውስጥ ትቻት ልሂድ?»

«ስንት ጊዜ ነው በአንተ ወሬ ያለቀስኩት?»

«አንቺ አላለቀስሽም እኮ፣ ያለቀሰችው ዝማሬ ናት።»

«ቤቴ ገብቼ ነዋ!»

ደሟ ፈልቷል። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት፤ አንዳንዱ ለአፍም የሚከብድ ነው። አሁን አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«ከየት አመጣኸው?»

ሳዳም ትከሻውን ነቀነቀ። «ከእናቴ ነው መሰለኝ። ምሳ ስታወጣ ሁላችንንም በስም በስማችን እየጠራች ትሰጠናለች። ከዚያ ‹ማን ቀረ?› ትላለች። ሁልጊዜ የምትቀረው ራሷ ናት።»

ዙሌካ ያልተለሰነው ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ጊዜ ያደነቀችው ሰው አጠገቧ ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ንጉሥ ጢም እየተከራከረ መክረሙን ስታስብ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። ሳዳም ግን የሚስቅበት አንጀት አልነበረውም።

«ስሚኝ» አላት። «ማስታወቂያው ከመጽሐፉ ነው የሚለው። የንጉሡን አጥኚና ሂጂ። በኔ ቅጥፈት ዕድልሽን እንዳታበላሺ፣ በአላህ።»

ዙሌካ ሌሊቱን የንጉሡን አጠናች። ግማሽ ገጽ ስለሆነ ለማጥናት አያስቸግርም።

ሰኞ አዳራሹ በሴት ተሞልቶ ነበር። በር ላይ የቆመው ልጅ ለእያንዳንዷ ደረት ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ሰጠ፤ ለዙሌካ ሠላሳ አንድ ደረሳት። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠራት በእሱ ነው። ሦስቱ ጓደኞቿ ገርበብ ካለው በር ጀርባ ተለጥፈው ቆሙ። ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አዘጋጁ ሮበሌ ስልኩን እያየ ተቀምጧል። ከጎኑ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴትዮ አሉ። ዙሌካ ከመጽሐፉ ጀርባ ፎቶ ለየቻቸው፤ ደራሲዋ ትሩፋት ናቸው። ቁጥሯን ደረቷ ላይ ደግማ ጫን አደረገች።

«ሠላሳ አንድ፣ ቀጥዪ» አለ ሮበሌ። «የቱ ትዕይንት ነው?»

የንጉሡን ልትል ነበር። የገዛ ድምጿን ስትሰማው ግን ሌላ እያለ ነው።

«መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

«ከመጽሐፉ ካልሆነ አናይም። ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል እኮ። የሚቀጥለው…»

«ቆይ፣ ሮበሌ» አሉ ትሩፋት ለስለስ ባለ ድምፅ። «መጽሐፉ ውስጥ ያለውንማ እኔ አውቀው የለ? ጠዋቱን ሙሉ ንጉሡ ሲጠራ ሰልችቶኛል። የማላውቀውን ታሳየኝ።»

ዙሌካ ፊቷን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞረች።  ከዚያ የታናናሾቿን ስም ጠራች፤ የጎረቤቶቿን፣ በሱቁ የሚመላለሱትን ሁሉ። ግባ፣ ግቢ፣ ግቡ። እጇ ለእያንዳንዱ በሩን ይከፍታል። አንዱ ሲዘገይባት ትቆጣዋለች፣ አንዷ ስታለቅስ ታባብላታለች። ጥሪው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ዝም ስትል ቀኝና ግራዋን አየች፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሯት ያየ ይመስላል።

«ሁሉም ገብቷል» አለች። «እንግዲያው የቀረሁት እኔ ነኝ።»

አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች። ሮበሌ ስልኩን አስቀምጦ ነበር።

ትሩፋት ከትከሻቸው የወረደውን ነጠላ መለሱ። «እኔ ንጉሡን ያስጠራሁት» አሉ፣ «መላው ጠፍቶኝ ነው። ልጅቷን የማስገባበት ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ግማሽ ገጽ ጽፌ ሸሸሁ።»

«ራስሽ ነሽ የፈጠርሽው?» አለ ሮበሌ። «እንዲህ የሚጽፍም የሚጫወትም ሰውማ ነው የምንፈልገው!»

አንድ ጊዜ ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር። ዙሌካም ይህን አውቃለች፤ አለማወቅ አይቻልም።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «ሳዳም የሚባል ጓደኛዬ ነው። ጂፕሰም ሠራተኛ ነው። አልጻፈውም፤ ነገረን እንጂ። እዚህ ውጭ ቆሟል።»

ሮበሌና ትሩፋት ተያዩ። አንገታቸውን አቀራርበው ጥቂት ተንሾካሾኩ።

«ሳዳምን ሳናነጋግረው እንዳይሄድ» አለ ሮበሌ። «ሠላሳ አንድ ደግሞ ነገ ጠዋት ትመጫለሽ። በካሜራ እናይሻለን። ወለላን የምትጫወተው ከነገዎቹ ሦስት አንዷ ናት።»

«ሠላሳ አንድ አትበላት» አሉ ትሩፋት። ከመቀመጫቸው ተነስተው እፊቷ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ የሰው ሁሉ ስም ጠራሽ። የጓደኛሽንም ስም ነገርሽኝ። ያንቺን ግን እስካሁን አልሰማሁትም። ማን ልበልሽ?»

ዙሌካ አፏን ከፈተች።  ደራሲዋ እፊቷ ቆመው ስሟን ይጠብቃሉ፤ ስሟ ግን ከአፏ አልወጣ አለ።

ከበሩ ኋላ ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ ጮኸ፤ ከሁሉም የሳዳም ይበልጥ ነበር።

«ዙሌካ!»

ሮበሌ «ዝም በሉ እዚያ!» ብሎ ሊቆጣ ቀና አለ። ዙሌካ ግን ወደ በሩ ዞራ፣ አፏን ሞልታ፣

«አቤት!» አለች።