የላይኛውን ፎቅ የፈለገችው ሴት

አክስቴ ኦዴል ቤት ስታከራይ ወረቀት አትጠይቅም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ቤት ፈላጊው ወደሚኖርበት ሰፈር ትሄድና ደረጃውን ታያለች። እኛ ባልቲሞር ውስጥ፣ በምሥራቁ በኩል፣ ቤቱ ሁሉ ተያይዞ የተሠራ ነው። በየበሩ ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ አለ። ያኔ ቅዳሜ ሲሆን የሰፈሩ ሴት በሙሉ ባልዲና ብሩሽ ይዞ፣ ተንበርክኮ ይፈገፍገው ነበር። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ የብሩሽ ድምፅና ሐሜት ነው የምትሰሙት። ደረጃው ካልነጣ ኦዴል ዞራ አታይም። ከነጣ ደግሞ ጎረቤቱን፣ ሥጋ ሻጩን፣ ፀጉር ቆራጩን ትጠይቃለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰውየውን ከነአያቱ ታውቀዋለች።

ያ ሁሉ ቀረ። የመንገዳችን ግማሽ ቤት በጣውላ ታሽጓል፤ ሥጋ ሻጩም ሞተ። ኦዴል ስትሞት ቤቷን ለእኔ ተወችልኝ። ታች እኖራለሁ፣ ላዩን አከራያለሁ። ተከራይ የሚያጣራልኝ ግን የልጄ የሬኒታ ስልክ ሆኗል።

ባለፈው መኸር ኪዮና የምትባል ሴት መጣች። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት፤ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለቻት።

"ሚስ ሎሬታ፣ ብርዱ ሳይጠና መውጣት አለብኝ" አለችኝ። "ያለሁበት ቤት ማሞቂያው አይሠራም። ልጄን ደግሞ አስም ይዟታል።"

ሬኒታ ስልኳን ነካካችና ፊቷን አጨማደደች።

"እማ፣ ይቺ አትሆንሽም። የክሬዲት ነጥቧ ዝቅተኛ ነው፤ ዕዳዋን በጊዜው አትከፍልም ማለት ነው። ይባስ ብሎ አከራይዋ ፍርድ ቤት ከሷታል።"

"ለምን ከሰሳት?"

"እሱን አይናገርም።"

"ታዲያ ምኑን አጣራሽው?"

"እማ፣ ግትርነትሽን ተይ! ያለፈው ተከራይ ዓመት ሙሉ ሳይከፍል ተቀምጦብሽ የለም? አንድ ሌላ እንደሱ ያለ ከገባ የቤቱን ግብር በምን ትከፍያለሽ? የኦዴልን ቤት ይወስዱብሻል።"

እውነቷን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን አውቶቡስ ተሳፍሬ ኪዮና ወደምትኖርበት ሰፈር ሄድኩ።

ደረጃውን ሳየው ልቤ ቀዘቀዘ። ጥቁር ብሏል፤ የሲጋራ ቁራጭ ሞልቶታል። ቀና ስል አንድ በር ላይ አምስት የደወል መጥሪያ ተደርድሯል። ቤቱን ሸንሽነው አከራይተውታል ለካ። የአምስት ቤተሰብ ደረጃ ማን ያጥበዋል? የኦዴል ዘዴም የሬኒታ ስልክም እኩል ከሸፉብኝ። እግሬን ላነሳ ስል አንድ ቦርጫም ሰውዬ ቁልፉን እያንቃጨለ ወጣ።

"ማንን ፈልገሽ ነው?"

"ኪዮና የእኔን ቤት ልትከራይ ነው። የዚህ ቤት ባለቤት አንተ ነህ?"

"ነኝ። እሷን? ኧረ እህቴ፣ ምን በደልሽ! አፏ አያርፍም እኮ። ጣሪያው አፈሰሰ ብላ ትደውላለች፣ ማሞቂያው ጠፋ ብላ ትደውላለች።"

"ኪራይስ?"

"ማሞቂያው ካልተሠራ አልከፍልም ስትለኝ ከስሻት ነበር።"

"ፈረዱልህ?"

መሬት መሬት አየ። "ዳኛው መጀመሪያ ጠግን አለኝ። ሴት ናት ብሎ ነዋ!"

"ከጠገንክ በኋላስ?"

"ከዚያማ ከፈለች። በቀኑ ነው የምትከፍለው፣ እሱን አልዋሽም። አሁን ደግሞ ማሞቂያው ተመልሶ ሲበላሽ መደወሏን ጀመረች።"

"እንዲህ ካስመረረችህማ ልገላግልህ። ዛሬውኑ ልውሰዳት።"

"አይ... እኔማ ላንቺ አዝኜ ነው እንጂ" አለና ቁልፉን ማንቃጨሉን ተወ።

ኦዴል ትዝ አለችኝ። "አከራይ ተከራዩን እንደ ሰርግ ዘፋኝ ካወደሰልሽ ሽሺ" ትል ነበር። "ሊገላገለው ነው። ካማው ግን ቁጭ ብለሽ ስሚ።" አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

ማታ ለሬኒታ ነገርኳት። "በሐሜት ልታከራዪ ነው?" ብላ ጮኸች። ከዚያ ስልኳን አስቀምጣ፣ "ጥፋቱ ግን የአከራይዋ ነው ማለት ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

ኪዮና ቤቱን ልታይ መጣች። የቧንቧውን ውሃ ከፈተች፣ መስኮቱን ገፋች፣ ማሞቂያው ላይ መዳፏን አሳርፋ ቆየች። ንዴቴ መጣ።

"ልትገዢው ነው እንዴ?"

"አይቆጡ፣ ሚስ ሎሬታ። ስለእርስዎም ሰፈሩን ጠይቄያለሁ።"

"ስለኔ? ማንን?"

"አልናገርም።"

"ምን አሉሽ?"

"ግትር ናት አሉኝ። ቅዳሜ በማለዳ ደረጃ እየፈገፈገች ሰው ታስነሳለች፣ በልጅ ጫማ ጭቃ ትቆጣለች አሉኝ።" ፈገግ አለች። "ማሞቂያውን ግን ሳትለመን ነው የምታበራው አሉኝ።"

ኦዴል ከሞተች ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ሰው ስለሰው ይጠያየቃል ብዬ አላስብም ነበር። ያማኝ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም መጠየቁን አልተውኩም። ያን ዕለት ግን ቁልፉን እጇ ላይ አድርጌ፣ "ልጅሽን ዛሬውኑ አምጫት፤ ላዩ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል" አልኳትና ቤቱን ሁሉ የሚያሞቀውን ምድጃ ልለኩስ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።