የመታጠቢያ ቤቱ ሰባት በስምንት

እህቴ ስትደውል እኔ የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ሴራሚክ እየለጠፍኩ ነበር። "ልጅህን መጥተህ ውሰዳት" አለችኝ። ልጅህን የምትለኝ ሲጨንቃት ነው፤ ሲመቻትማ የሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሚጢጢ ሦስተኛ ክፍል ናት። ማባዛት የሚባል ነገር ሲነሳ ጅብ እንዳየች አህያ ትደርቃለች። ቲቸሯ፣ "እስከ ሰኞ ካልቻለች ወርዳ ከሁለተኛ ክፍሎች ጋር ትቀመጣለች" ብላ ላከች። ሚጢጢ ደግሞ ከወንበር ጓደኛዋ ከምትለይ ጥርሷ ቢነቀል ይሻላታል። እናትየው ቅዳሜም ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትውለው። አስተማሪነቱ ለማን ደረሰ? ከአራተኛ ክፍል አጥር ዘሎ ለጠፋው ለኔ። ዕውር ዕውርን ቢመራው አሉ!

"አጎቴ፣ ሰባት በስምንት ስንት ነው?" አለች፣ ሥራዬ ቦታ ይዣት መጥቼ ገና መታጠቢያ ቤቱ ከመግባቷ።

"እሱን ተይውና፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ስንት ሴራሚክ አለ?"

በጣቷ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ምናምን ላይ ስትደርስ አስነጠስኩባት። ጠፋባት።

"ሆን ብለህ ነው!"

"አዎ። ታዲያ ሁሉንም ምን አስቆጠረሽ? እኛ የታችኛውን መስመር እንቆጥራለን፣ ከዚያ ስንት መስመር ወደ ላይ እንደወጣ። አለቀ።"

ታች ሰባት፣ ወደ ላይ ስምንት። "ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ..." እያለች መስመር በመስመር በመዳፏ እየመታች ወጣች። የላይኞቹ ሲርቋት ባልዲ ገልብጬ አቆምኳት።

"ሃምሳ ሦስት ነው" አልኩ ቀድሜያት፣ አዋቂ ለመምሰል።

"ተሳስተሃል! ሃምሳ ስድስት!"

"ሂጂ ወዲያ!"

"እንወራረድ!"

"የተሳሳተ አፍንጫው ይቀባል።" ክፍተት የምሞላበትን ነጭ ጭቃ አሳየኋት። አንድ በአንድ ቆጠርን። ሃምሳ ስድስት። እናቴ ትሙት፣ የምሬን ነበር የተሳሳትኩት! ኩም ብዬ አፍንጫዬን ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! ወለሉን፣ የመስኮቱን ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ያለውን ሳይቀር። አንዳንዴ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ፣ አንዳንዴ እንዲሁ እሳሳታለሁ። የቱ የቱ እንደሆነ አልነገርኳትም። የቤቱ ባለቤት ብቅ ብለው ፊቴን አዩና፣ "አንተ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የቀጠርኩህ?" አሉኝ።

ሰኞ የሚጢጢ ክፍል በር ላይ ቆሜያለሁ።

"ስድስት በዘጠኝ?" አለች ቲቸሯ።

ሚጢጢ ቀና ብላ፣ "ቲቸር፣ እርስዎ መጀመሪያ ይሞክሩ" አትልም!

"እኔ?"

"አዎ። ከተሳሳቱ አርምዎታለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ቲቸሯ ግን ጠመኔዋን እያሽከረከረች፣ ኮስተር እንዳለች፣ "ሃምሳ ሁለት" አለች።

"ተሳስተዋል!" ሚጢጢ ተስፈንጥራ ተነሳች። ሰሌዳው ላይ ስድስት ስድስት ሳጥን እያደረገች ዘጠኝ መስመር ደረደረች፤ እንዲያ ጠማማ አድርጌ እኔ ብለጥፈው ያባርሩኝ ነበር። እየመታች ደመረች። "ሃምሳ አራት።"

"ቀስ ትያለሽ" አለች ቲቸሯ።

"ግን አልተሳሳትኩም።"

"አልተሳሳትሽም። ሂጂ፣ ቦታሽ ተቀመጪ።"

ቦታሽ! ሮጣ ሄዳ ጓደኛዋን በክርኗ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። እጄን አውለበለብኩላት። ዞርም አላለች፤ የጓደኛዋን ጆሮ ይዛ ማንሾካሾክ ጀምራለች።

ውለታ ቢስ!