የታላቅ ወንድም ኮርቻ

ልብስ ሰፊው ሰሞኑን መቀመጫ አጥቷል። ስፌት መኪናው ፊት ቁጭ ይልና አንድ እጅጌ እንኳ ሳይጨርስ ብድግ ብሎ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ብስክሌት ያያል። ደግሞ ይቀመጣል፤ ደግሞ ይነሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ጠዋት የሟች ታላቅ ወንድሙ የብስክሌት ጓደኞች እሱን አስበው እስከ ዳገቱ አናት ይነዳሉ። ሰፊው ደግሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ በብስክሌት ከሰፈር ወጥቶ የማያውቀው ሰው፣ «በራሱ በወንድሜ ብስክሌት አብሬያችሁ እወጣለሁ» ብሎ በሰው ፊት ቃል ገባ። ምን እንዳናገረው እንጃ! ሦስት ቀን ተለማምዶ ይኸው ጉልበቱ ከኋላ በኩል እሳት ሆኖበታል። ቢቀር ደግሞ ወንድሙን ሁለተኛ የቀበረው ይመስለዋል።

ሐሙስ ከሰዓት እያነከሰ፣ ብስክሌቱን እየገፋ የወንድሙ ሚስት ጋ ሄደ። ብስክሌት ጠጋኝ ናት፤ ይህንንም ለባሏ የገጣጠመችው እሷ ነች።

«ግድግዳውን ይዘህ ውጣበትና ፔዳሉን አዙር» አለችው።

አዞረ። ዳሌው ግራና ቀኝ ተወዛወዘ፤ የእግሩ ጣት ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ይንጠራራል።

«አንተ ሰው፣ በጣትህ ተንጠልጥለህ ነው እንዴ የምትነዳው? ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝህ ተደላድሎበት እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ኮርቻውን ዝቅ አድርገው።»

«የሱ ልክ ነው። አይነካም፣ እትዬ።»

«እሱ ካንተ በአንድ ጭንቅላት ይረዝም ነበር። ደንበኛህን የሌላ ሰው ሱሪ አልብሰህ ትሸኛለህ?»

ሰፊው ወርዶ ኮርቻውን በመዳፉ ሸፈነው። የሟቹ ልብስ ተሰጥቷል፣ ጫማው ተሰጥቷል፤ ከወንድሙ ቁመት የቀረው ይህ ኮርቻ ብቻ ነው። ለሰፊ ደግሞ የሰው ልክ ቀላል ነገር አይደለም።

«ስማኝ» አለች። «ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን አቅልል። ሳይጠማህ ጠጣ። ጉድጓድ ካየህ ጉድጓዱ ላይ አታፍጥ፣ የምታልፍበትን እይ። ኮርቻው ካልወረደ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተሸክመው ያወርዱሃል።» መፍቻውን ዘረጋችለት።

«አንቺው ፍቺው።»

«ከሞተ ጀምሮ አንተ እስክትወስደው፣ ሦስት ወር ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ።»

ይሄኔ አንጀቱን በላችው። መፍቻውን ተቀብሎ ብሎኑን አላላ። የኮርቻው ዘንግ ላይ ብሎኑ ለዓመታት አጥብቆ የያዘው ቦታ ቀለበት የመሰለ ጭረት ወጥቶበታል። ሰፊው በሁለት እጁ ተጫነው። ዘንጉ ጥቂት ተንገራገጨ፣ ከዚያ ወረደ፤ ጭረቱም ቱቦው ውስጥ ገባና ጠፋ።

ብሎኑን አጥብቆ ወጣበት። እግሩ ያለ ምንም ጭንቅ ፔዳሉን ይዞ ዞረ። ጉልበቱ ዝም አለ። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

«ልክህ ሆነ?» አለችው ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ።

«ልኬ ሆነ፣ እትዬ» አለና ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰ።