ከሰማያዊው ቀለም በፊት

ማተሚያ ቤት ውስጥ «ደመናው» ይሉኛል። ሲጠሩኝ ቶሎ ስለማልሰማ ነው። ሥራዬ ለፖስተር የሚሆኑ ሥዕሎችን መሣልና ቀለማቸውን መለየት ነው። እኛ ጋ አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለም። መጀመሪያ ጥቁሩ መስመር፣ ቀጥሎ ቢጫው ይታተማል። ሁለቱ ከደረቁ በኋላ ሰማያዊው በቢጫው ላይ ሲያልፍበት ሜዳው ያኔ ይለመልማል። ወንዝ የሚሆነው ቦታ ግን እስከዚያ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል።

ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር አለቃችን ወታደርም ጠመንጃም የሌለበት፣ አገር ብቻ የሚታይበት ሥዕል አዘዘኝ። ያየው ሁሉ ሆዱ ይባባ አለ። ከሥር የሚጻፈውም ተዘጋጅቶ ነበር፦ «ይህን ማን ይጠብቅልህ?»

እኔ የማውቀው ገጠር አንድ ብቻ ነው። አባታችን ያረሰው፣ እሱ ሲሞት ድርቁም ሲበረታ እናታችን ሁለታችንን ይዛ የወጣችበት። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ገና ጡት አልጣለም። እናቴ ስለዚያ ቦታ አታነሳም። ለወንድሜ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በተለይ ለሁለት ስለተሰነጠቀው ቋጥኝ። ኮረብታውን፣ ቋጥኙን፣ ቤቱን እንዳለ ሣልኩት። ከዚያ ኮረብታውን ሣር አለበስኩት፣ ከቋጥኙ ሥር ወንዝ አፈሰስኩ። እጄም እምቢ አላለኝ።

ፖስተሩ በየግድግዳው ተለጠፈ። እናቴ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ በየቀኑ በአጠገቡ ታልፋለች፤ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብላ አላየችውም። ወንድሜ ግን ጎሚስታ ስለነበር ጎማ ሲጠግን የሚውለው ከፖስተሩ ፊት ለፊት ነበር። አንድ እሁድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ጋሼ፣ ያ ቋጥኝ የኛ ነው አይደል?»

«የኛ ነው።»

«ወንዙስ?»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ቀለም ለቅላቂው» እያለ ሲያሾፍብኝ የኖረ ልጅ እንዲያ በኩራት አይቶኝ አያውቅም።

«አለ» አልኩት።

በሳምንቱ ለውትድርና ተመዘገበ። እናቴ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ደክሟት ተወች። እኔንም «አንተን ይሰማልና ተናገረው እንጂ» አለችኝ። የሚጠበቅብኝ «ወንዝ የለም፣ ዋሽቼህ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ዛሬ ነገ ስል የጭነት መኪናው መጥቶ ወሰደው።

በሄደ በሦስተኛው ወር ደብዳቤ ላከልኝ። ለእናቴ ግማሹን ብቻ አነበብኩላት።

«ጋሼ፣ የጫነን መኪና በኛ ቦታ አለፈ። ቋጥኙን አየሁት። ወንዝ የለም። የወንድሜ ሥዕል ነው ብዬ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዝቼ ስለነበር፣ እንዳይስቁብህ ‹ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም› አልኳቸው። ሥዕሉ ግን ያምራል።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ወረቀት የእሱ የእጅ ጽሑፍ አልነበረም።

ለቅሶው አልቆ ሥራ ስመለስ አለቃዬ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ አጽናናኝ፤ ቀጥሎ ያ ፖስተር እንደገና እንዲታተም መታዘዙን ነገረኝ። ወንዙን ትንሽ ብናሰፋው ጥሩ ነው አለ። አሰፋሁት። ከሰዓት በኋላ ቢጫው የታተመባቸው ወረቀቶች ገመድ ላይ ተሰጥተው ሲደርቁ በመካከላቸው አለፍኩ። ሰማያዊው ገና አላረፈባቸውም፤ ሁሉም ላይ ኮረብታው በድርቅ ተቃጥሎ ነበር። ከቋጥኙ ሥር የሚወርደው ነጭ ድንጋይ እንጂ ውሃ አይደለም። አንዱን ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።

እናቴ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው ከሩቅ አየችው፤ ከዚያ ቀረብ ብላ ጣቷን ቤቱ ላይ አሳረፈች።

«በራችን» አለች። ጣቷ ነጩን ይዞ ወረደ። «በዚህ ነበር ውሃ ፍለጋ የምወርደው። ስሄድ ጎህ ይቀድ ነበር፣ ስመለስ ፀሐይ አናቴ ላይ።» ጣቷን ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝ። «ወንድምህ ይሄን አይቶታል?»

«አይቶታል፣ እማዬ።»

«እንኳን አየው» አለችና፣ ሥዕሉን ከአልጋው በላይ የምትሰቅልበት ሚስማር ልትፈልግ የወንድሜን የመሣሪያ ሳጥን ከፈተች።